የእጅ ስልክ ከመሬት በታች

ከፍላቂት ወጣ ብሎ በመቄት ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ወደ ሰሜን ቢመለከት፣ ከበታቹ ውሃቸው ወደ ተከዜ የሚወርድ ጥልቅ ሸለቆዎች፣ ከሸለቆዎቹ ባሻገር የላስታ ተራሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ4,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ይታዩታል። እንዲህ ባለ አፋፍ ላይ በእጅ ስልክ መነጋገር ይቻላል። ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ሸለቆው የሚወርድ መንገደኛ ግን ጥቂት እንደ ተጓዘ ንግግሩ ይቆራረጥበታል፤ ጥቂት ዝቅ ሲል አንዱን ቃል ሰምቶ ሌላውን ያጣል፤ በመጨረሻም ስልኩ ጨርሶ ዝም ይላል። ባላገሩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከገደል በታች ባለ መንደር አንዲት ሴት ምጥ የጠናባት እንደሆነ፣ አንድ ወጣት ስልኩን ጨብጦ ዳገቱን ይሮጣል። ኔትወርክ ከሚገኝበት ድንጋይ እስኪደርስ ድረስ አምቡላንስ መጥራት አይቻልምና።

በለንደንና በኒው ዮርክ የሚኖሩ ሰዎችም ለብዙ ዓመታት ይኸው ችግር ነበረባቸው ቢባል ለማመን ያስቸግር ይሆናል። እነርሱ ገደል አይወርዱም፤ ነገር ግን በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው ደረጃ እየወረዱ በምድር ውስጥ ባቡር ይሳፈራሉ። የለንደኑ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1863፣ የኒው ዮርኩ ደግሞ በ1904 ሥራ ሲጀምር የእጅ ስልክ በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ስልኩ በየሰው ኪስ ከገባ በኋላም ተሳፋሪው ደረጃውን ወርዶ እንደ ጨረሰ ከላይኛው ዓለም ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጥ ነበር። በመቄት ባላገርና በኒው ዮርክ ተሳፋሪ ፊት የቆመው እንቅፋት አንድ ነው፤ እርሱም አፈርና ዐለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ካለ ዘመዳችሁ ጋር ስትነጋገሩ፣ ድምፃችሁ ከፍላቂት እስከ አዲስ አበባ በአየር ላይ የሚበር ይመስላችሁ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። ከስልካችሁ የሚወጣው የሬድዮ ሞገድ የሚጓዘው በአቅራቢያችሁ እስካለው የአንቴና ማማ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ከማማ ወደ ማማ በሚተላለፍ ሌላ ሞገድ፣ ወይም በመሬት ውስጥ በተቀበረ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ይጓዛል። በዘመዳችሁ አጠገብ ካለው ማማ ሲደርስም እንደገና የሬድዮ ሞገድ ሆኖ ወደ ስልኩ ይገባል። እንግዲህ ገመድ አልባ የሚባለው አገልግሎት ያለ ገመድ መሆኑ በተለይ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጥቂት ርቀት ላይ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ከመሬት በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርትስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በሙከራ እንዳረጋገጠው፣ የሬድዮ ሞገድ ከብርሃን ጋር አንድ ዘር ነው። እንደ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንደ ብርሃንም ከብረት ላይ ሲያርፍ ይንጸባረቃል። ከብርሃን የሚለየው ሞገዱ ረጅም በመሆኑ ነው። ብዙ የእጅ ስልኮች ከሚጠቀሙባቸው ሞገዶች አንዱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከዚህም የተነሣ ብርሃን የማያልፈውን የጭቃ ግድግዳ እየደከመም ቢሆን ያልፋል፤ በተራራ ጫፍ ላይ ሲደርስም ጥቂት ወደ ታች ይታጠፋል። ነገር ግን ዐለቱ ወፍራም ሲሆን የሞገዱን ኃይል እየዋጠ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በተለይ ውሃ የጠጣ አፈርና ዐለት ከደረቁ ይልቅ ይበረታበታል። ሙቀቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማንም አይሰማውም፤ ድምፁ ግን ጠፍቷል።

ይህን በቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። አንድ ስልክ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከትታችሁ ክዳኑን ግጠሙና በሌላ ስልክ ደውሉ። ብዙ ጊዜ ጥሪው አይደርስም። ይሁን እንጂ ስልኩ ከሳጥኑ ውስጥ ቢጮኽ አትደነቁ፤ መምህሩም ዋሸን አትበሉ። ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ሞገዱ በቀጭኑ ክፍተት ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። መሐንዲሶች ከዚህች ክፍተት ትልቅ ጥቅም እንዳገኙ ወደ ኋላ እናያለን።

ከወሎ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ያስታውሳል። ሾፌሩ በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ሬድዮ ከፍቶ እንደሆነ፣ መኪናው ዋሻው ውስጥ ጥቂት እንደ ገባ ድምፁ ይሰጥማል። መካከለኛ ሞገድ በመቶ በሚቆጠር ሜትር የሚለካ ርዝመት ስላለው በዋሻው ጠባብ አፍ ሊገባ አይችልም። የእጅ ስልክ ሞገድ አጭር ስለሆነ ግን ዋሻው ቀጥ ያለ ከሆነ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተንጸባረቀ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዋሻው ሲታጠፍ እርሱም ይቀራል። በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ደረጃውና መተላለፊያው ብዙ መታጠፊያ አለው።

ሌላም ችግር አለ። ስልክ ሬድዮ አይደለም፤ መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም አለበት። ማማው በብርቱ ኃይል ይጮኻል፤ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ግን ኃይሉ ከ2 ዋት ስለማይበልጥ በሹክሹክታ የሚናገር ያህል ነው። ስለዚህ ከሸለቆ ውስጥ ሆናችሁ የሌላውን ድምፅ እየሰማችሁ እርሱ «ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም» የሚልበት ጊዜ ያጋጥማል። ስልኩም ማማውን ለማግኘት ባለ በሌለ ኃይሉ ስለሚጣራ ባትሪው ፈጥኖ ያልቃል። መብራት በሌለበት መንደር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ኔትወርክ የሌለበትን ቆላ ለማቋረጥ የተነሣ ሰው ስልኩን አጥፍቶ ቢጓዝ ይሻለዋል።

እንግዲህ ሞገዱ በዐለቱ ማለፍ ካልቻለ የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ገመዱን ዐለቱን አሳልፎ ከሰው አጠገብ ማድረስ። ከላይ ካለው የስልክ ማእከል የመስታወት ክር በጣቢያው ይዘረጋል፤ በየጣራው ሥር ትንንሽ አንቴናዎች ይሰቀላሉ። በረጅሙ ዋሻ ውስጥ ግን በየጥቂት ሜትሩ አንቴና መስቀል አይመችም። ለዚህ የተፈለሰፈው ኬብል እጅግ የሚያስገርም ነው። ተራ ኬብል ሞገዱ እንዳያመልጥ በመዳብ ቅርፊት ይሸፈናል፤ በዚህኛው ላይ ግን ቅርፊቱ ሆን ተብሎ በየቦታው ይቀደዳል። ሞገዱም በኬብሉ ውስጥ ሲጓዝ በየቀዳዳው ጥቂት ጥቂት ያፈስሳል፤ የተሳፋሪውም የስልክ ሞገድ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ገበሬ በየመደቡ ውሃ እየለቀቀ እንደሚሄድ የመስኖ ቦይ አስቡት። የቆርቆሮው ሳጥን ክፍተት እዚህ ላይ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ ሆነ። ይህ ዓይነት ኬብል በማዕድን ጉድጓዶች ውስጥም ያገለግላል፤ በዚያ ዋሻ ቢደረመስ ከሠራተኞች ጋር መነጋገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ሥራው አድካሚ ነው። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2011 በስድስት ጣቢያዎች ተጀምሮ ከመሬት በታች ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ አገልግሎቱን ያገኙት በ2017 መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን በጣቢያና በጣቢያ መካከል ያለው ዋሻ በአብዛኛው ዝም ያለ ነበር። የመሣሪያውን ወጪ የሸፈነው አንድ የግል ኩባንያ ሲሆን፣ ገንዘቡን የሚመልሰው ከስልክ ድርጅቶች በሚሰበስበው ክፍያ ነው። በለንደን የኦሎምፒክ ጨዋታ በተደረገበት በ2012 በጣቢያዎች ዋይፋይ ተዘረጋ፤ በዋሻዎቹ ውስጥ የስልክ ሞገድ መዘርጋት የተጀመረው ግን በ2020 በአንድ መስመር ከፊል ላይ ነው። የለንደን ጥልቅ ዋሻዎች ከባቡሩ እምብዛም የማይሰፉ ጠባብ ስለሆኑ፣ ኬብሉ የሚሰቀለው ባቡር በማይሄድባቸው በጥቂት የሌሊት ሰዓታት ነው።

በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አብዛኛው መስመሩ በምድር ላይና በድልድይ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ በምኒልክ አደባባይ አካባቢ ለአጭር ርቀት ከመሬት በታች እንዲያልፍ ሆኖ ተሠርቷል። ለወሎ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ነው፤ ተራራ እየሰነጠቀ የሚያልፍባቸው ዋሻዎች አሉትና።

ከባቡር ሁሉ በፊት ግን በላስታ ሰው ወደ ዐለት ውስጥ መግባት ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከ11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ጉድጓዱ ላዩ ክፍት ስለሆነ ሞገዱ ከአፋፉ ታጥፎ ደክሞም ቢሆን ሊወርድ ይችላል፤ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚያሻግሩት ጨለማ ዋሻዎች ውስጥ ግን አይዘልቅም። በዚያ ኬብል በሚስማር ይመታ የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም። በቅዳሴ ሰዓት ስልክ ባይጮኽም የሚያዝን ካህን ያለ አይመስለኝም። በገና በዓል በሜዳው ላይ ሳይቀር ስልክ እምቢ ቢል ግን ጥፋቱ የዐለቱ አይደለም፤ አንድ አንቴና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ የተወሰነ ስለሆነ የሕዝቡ ብዛት ያጨናንቀዋል። የከተማ ባቡር ጣቢያም ማለዳና ማታ እንዲሁ ነው።

ወደ መቄት ቆላ እንመለስ። ሸለቆ ላዩ ክፍት ስለሆነ ኬብል አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ወደ ውስጡ የሚመለከት ማማ ነው። ማማ በከተማ መካከል ቢቆም ለከተማው ይበጃል፤ በአፋፉ ጫፍ ወይም ከሸለቆው ማዶ ቢቆም ግን ቁልቁል ያሉትን መንደሮች ያያቸዋል። የጥንት ባላገር ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቀው ነበር፤ ጥሪ ማሰማት ሲፈልግ ከጎድጓዳ ሳይሆን ከአፋፍ ላይ ቆሞ ይጣራ ነበር። ለማማው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ መትከል ይቻላል። አስቸጋሪው ጥያቄ የገንዘብ ነው። በኒው ዮርክ ጣቢያ በአንድ ቀን የሚያልፈው ሰው ብዛት ወጪውን ይከፍላል፤ በገደል ሥር የተበተኑ ጥቂት ጎጆዎች ግን አይከፍሉም። በእኔ አስተያየት የምጥ ጉዳይ በተሳፋሪ ብዛት የሚለካ አይደለም። በሰሜን ወሎ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት ስልክ ተቋርጦ ሳለ የቤተሰቡን ደኅንነት ሳያውቅ የሰነበተ ሰው፣ የስልክ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ማማው እስኪቆም ድረስ ዳገቱን የሚሮጠው ወጣት አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ንግግር ሳይቆራረጥ የሚቆይ ሞገድ ይፈልጋል፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን የሚፈልገው ቅጽበት ነው። ስለዚህ የታማሚዋን ሁኔታ፣ የመንደሩን ስምና መኪና የሚደርስበትን ቦታ ከቤት ሳይወጣ ይጻፍ። የሚልከውም ስልኩን በሚመልስ ሰው፣ ለምሳሌ በከተማ ላለ ዘመድ ወይም ለጤና ሠራተኛ ይሁን። ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ፣ በመንገድ ላይ የኔትወርክ ምልክት ብልጭ ባለች ቁጥር ቆም ብሎ ለመላክ ይሞክር። አንዳንድ ጊዜ መልእክቱ ከልጁ ቀድሞ አፋፉን ይሻገራል።