የፍሬን ሸራና የሰው ደም

የበዓለ ሆሳዕናን ስም የያዘችው ከተማ በደጋ ላይ ተቀምጣለች። ከእርስዋ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ከሞተሩ ይልቅ በፍሬኑ ይታመናል። የፍሬን ሸራ መንኰራኵርን የሚያቆመው ከታምቡሩ ጋር ተፋትጎ ነው፤ ፍትጊያውም ሙቀትን ይወልዳል። ደኅናው ሸራ ሙቀቱን ይችላል። የታወቀ ፋብሪካ ስም በሐሰት የታተመበት ግን በሜዳ ደኅና መስሎ ይቆይና፣ በረጅሙ ቁልቁለት ሲግል ይሰነጠቃል፤ ወይም እንደ መስተዋት ለስልሶ አልይዝ ይላል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግለት ያዝዛል። ፍሬንም የመኪና መከታ ነው። ስለዚህ እያወቁ ሐሰተኛውን የሚሸጥ፣ የሚገጥምና የሚያስገጥም ሦስቱም በደሙ ዕዳ አንድ ናቸው እንላለን።

እንግዲህ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ መለዋወጫ የምትገዙ ወገኖቻችን፣ ያለ ደረሰኝ አትግዙ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ማስለወጥን ፈቅዷልና። አዲሱን ሸራ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ካስገጠማችሁም በኋላ ባዶውን መኪና በአጭር ቁልቁለት ደጋግማችሁ እያቆማችሁ ፈትኑ፤ ቢሸት ወይም አልይዝ ቢል ሰው አታሳፍሩ። ከመለዋወጫ ዋጋ የተረፈች ብር የወደቀውን አታስነሣም።