የፀሐይ ፓምፕ ጭስ የለውም፤ ወንዝ ግን ያደርቃል

አንበሳሜ፦ የመኸር ሰብል ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ገበሬ ዓይኑን ወደ ጉማራ ወንዝ ይጥላል። ከጉና ተራራ የሚነሳው ይህ ወንዝ ደራንና ፎገራን እያጠጣ ጣና ሐይቅ ይገባል። በበጋ ወራት በዳርቻው የሚለማው ሽንኩርት የብዙ ቤተሰብ የልብስ፣ የልጆች ትምህርትና የማዳበሪያ መግዣ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ዝናቡን እያዛባው በሄደ መጠን የመስኖ አስፈላጊነት እየጨመረ መጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤል ኒኞ ሳቢያ ዝናብ በማጠሩ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ የአገራችን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ እንደነበረ ይታወሳል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የውሃ ፓምፕ ያለው ገበሬ ማሳውን ከመድረቅ ያድናል።

ይሁን እንጂ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል። ምድርን የሚያሞቀውም ይኸው ጋዝ ነው። የእኛ ገበሬ ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ፋብሪካና መኪና ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ የዝናብን ጉድለት ለመሙላት የተገዛው ሞተር ዝናቡን በሚያዛባው ጭስ ላይ የበኩሉን ይጨምራል።

በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ፓምፕ ለዚህ መፍትሔ ነው። ጭስ የለውም፤ ነዳጅም አይጠይቅም። ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ናፍጣ ለሚገዛ ገበሬ የነዳጁ ዋጋ ራሱ ልጓም ነው፤ ሰብሉ በቃኝ ሲል ሞተሩን ያጠፋል። ፀሐይ ግን በነፃ ስለሆነች ፓምፑ ከጧት እስከ ማታ ቢስብ ባለቤቱን የሚያስወጣው ነገር የለም። ዕዳውን የሚከፍለው በወንዙ ግርጌ ያለው ገበሬና ውሃ ፍለጋ የሚወርደው ከብት ነው። በጉማራ የታችኛው ክፍል በበጋ ውሃው የሚመናመነው በፓምፕ መብዛት ጭምር ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር፣ በጉጃራት ክፍለ ሀገር የዱንዲ መንደር ገበሬዎች በ2008 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ከፀሐይ የሚያገኙትን ትርፍ ኤሌክትሪክ ለመሸጥ በመቻላቸው፣ ውሃን ያለ ልክ ከመሳብ ይልቅ መቆጠብ ጥቅም ሆኖላቸዋል። በእኛ በኩል ልጓሙ የማኅበሩ ደንብ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ፓምፕ ከመግባቱ በፊት ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት መደራጀትና የእያንዳንዱን ፓምፕ ቀንና ሰዓት በተራ መወሰን ነው። ተራውን ለማስከበር አባቶች የሚያውቁት የውሃ አባት ሥርዓት መልካም መሠረት ይሆናል። ሁለተኛው ፓምፑ ቀን በገንዳ ያጠራቀመውን ውሃ በትነት እንዳይባክን ማሳው ማታ ወይም ማለዳ እንዲጠጣ ማድረግ ነው። ሦስተኛው በተፋሰሱ ላይ እርከን መሥራትና የአገር በቀል ዛፍ መትከል ነው፤ የክረምቱ ውሃ ወደ መሬት ካልሰረገ በበጋ የሚሳብ ውሃ አይኖርምና።

ፓምፕ ውሃ ይስባል እንጂ ውሃ አይፈጥርም። ተራው ሳይበጅ የገባ ፓምፕ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፤ ተራው ከተበጀ በኋላ የገባው ግን የላዩንም የታቹንም ማሳ ያጠጣል።