ከጥልቀቱ በፊት ንብርብሩ፦ የከርሰ ምድር ውኃ ተረትና እውነታ

የጉድጓድ ውኃ ሲነሳ «ስንት ሜትር ተቆፈረ?» ማለት ይቀናናል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን በቆሻሻውና በውኃው መካከል ምን ዓይነት አፈርና ድንጋይ እንዳለ ነው።

ተረት፦ ጥልቅ ጉድጓድ አይበከልም።

እውነታ፦ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ውኃው የተጠራቀመው በተሰነጣጠቀ ባዛልትና ግንበኞች «ሬድ አሽ» በሚሉት ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ውኃ እንደ ልብ የሚሰጠው ይኸው ቀዳዳና ስንጥቅ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው ከሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች የሚሰርገውን ብክለትም ሊያሳልፍ ይችላል። በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በወጉ ካልተደፈነ ደግሞ የላዩ ቆሻሻ በዚያው በኩል ቁልቁል ይወርዳል።

ተረት፦ ዋልካ አፈር ውኃ ስለማያሳልፍ ያስተማምናል።

እውነታ፦ ሲርስ ያብጥና ይዘጋል። በበጋ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የመጀመሪያው ዝናብም ላዩ ላይ የተከማቸውን ፍግና ፍሳሽ ይዞ በዚያ ይሰርጋል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ዋልካውን ዘልቆ ድንጋዩ ላይ ከደረሰም እዚያ ቦታ ሽፋን የሚባል ነገር አይቀርም።

ተረት፦ አፈር ሁሉን ያጣራል።

እውነታ፦ ሸክላማ አፈር ብዙ ጀርሞችንና እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን ይይዛል። ከሽንት ቤትና ከማዳበሪያ የሚመጣውን ናይትሬት ግን አይይዘውም። ድሬዳዋ ውስጥ የጉድጓድ ውኃ ናይትሬቱ ከፍ ብሎ የተገኘው በአብዛኛው ከሽንት ቤቶች በሚሰርግ ፍሳሽ ነው። ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ጡጦ ለሚጠቡ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው።

ተረት፦ ሽንት ቤቱ ከውኃ ጉድጓዱ ራቅ ካለ ይበቃል።

እውነታ፦ በቂውን ርቀት የሚወስነው ከሥር ያለው ንብርብር ነው። በደቃቅ አሸዋ ውስጥ ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ብዙ ጀርሞች መንገድ ላይ ይሞታሉ። የኖራ ድንጋይን ግን ውኃ እያሟሟ መተላለፊያ ያበጅበታል፤ የባሌው ሶፍ ዑመር ዋሻ የተፈጠረው እንዲህ ነው። እንዲህ ባለ ድንጋይ ፍሳሽ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ሜትሮች ሊጓዝ ይችላል።

ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ቆፋሪው በየጥልቀቱ ያገኘውን አፈርና ድንጋይ መዝግቦ እንዲያስረክባችሁ ጠይቁ፤ ውኃውንም ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ከርሰ ምድር ውኃ አንዴ ከተበከለ እስኪጠራ አሥርት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።