መዝገቡ ማን ዘንድ ያድራል?

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሁላችንም «ሻምበል» የምንላቸው ጡረተኛ፣ «ጠበቃው፣ ሌባውን ይዘነዋል፤ ቶሎ ውረድ» አሉኝ። ፒጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ አራት ፎቅ በደረጃ ወረድኩ።

ሌባ የተባለው ልጅ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ዕድሜው ከአሥራ ሰባት አያልፍም። ቀን ቀን «ቁራሌው!» እያለ በግቢያችን የሚዞር ነው፤ ፊቱን አስተውዬው ባላውቅም ድምፁን ለየሁት። እጆቹ በልብስ ማስጫ ገመድ የኋሊት ታስረዋል፤ ግራ እግሩ ጫማ የለውም። ከበውት የቆሙት ሰባት ስምንት ጎረቤቶች ንዴታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። የሚያናድድም ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ ከሦስት ብሎክ ዘጠኝ የውኃ ቆጣሪ ተነቅሎ ተወስዶብናል።

«ምን ይዞ ተገኘ?» አልኩ።

«ማዳበሪያ።»

«ውስጡስ?»

«ባዶ ነው። ግን በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ይሠራል?»

ይህን ጥያቄ በጥብቅና ዘመኔ ችሎት ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በራሴ ደጃፍ፣ ከራሴ ጎረቤቶች አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነገሩን በሁለት አንቀጽ ይጨርሰዋል። በአንቀጽ 50 መሠረት ወንጀሉ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ፖሊስ ያልሆነ ግለሰብም ያለ ትእዛዝ ሊይዘው ይችላል። በአንቀጽ 58 ደግሞ የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር በቅርብ ላለው ፖሊስ ማስረከብ አለበት። ባዶ ማዳበሪያ እጅ ከፍንጅ አያሰኝም። ሰውን ከሕግ ውጭ ይዞ ማቆየት ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 585 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በዚያች ሌሊት በዚያች ጥበቃ ቤት ውስጥ እጅ ከፍንጅ የሚያዝ ሰው ቢፈለግ፣ ገመዱን ያሠርነው እኛው ነበርን።

ይህንን ስናገር ሻምበል ቀና ብለው አዩኝና «እንግዲያው ጠበቃነትህ ለእሱ ነው ማለት ነው» አሉ። «ለእርስዎም ነው፣ ሻምበል» አልኳቸው። ገመዱን ፈታን፤ 991 ደወልን። ፖሊሶች መጡ፤ ልጁን ጠያይቀው፣ ማዳበሪያውን አራግፈው አሰናበቱት። ጫማውን ፈልገን አጣነው። ቆጣሪዎቹን ማን እንደወሰዳቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወደ አልጋዬ ስመለስ እንቅልፍ የነሳኝ የልጁ ነገር ብቻ አልነበረም። ከቆሙት ጎረቤቶች ስማቸውን የማውቀው የሁለቱን ነው። በዚያ ሕንፃ ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የጋራ ሕንፃው ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ «ችሎት አለኝ» እያልኩ ቀርቻለሁ፤ ስብሰባው የሚጠራው ግን እሑድ እሑድ ነው። እሑድ ደግሞ ችሎት የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። ከመቶ በላይ አባወራ ከሚኖርባቸው ሦስት ብሎኮች አሥራ ዘጠኝ ሰው መጥቷል። ስብሰባው እንደ ልማዱ «ድር ቢያብር» ተብሎ ተከፈተ። «አንተ እንኳ ጽሑፍ ታውቃለህ» ተብዬም ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ሁለት ሐሳብ አቀረበ። የተከራዮች ሁሉ መታወቂያ ኮፒ ተሰብስቦ ኮሚቴው ዘንድ ይቀመጥ፤ በየደረጃው አንድ ሰው በምስጢር ይመደብና ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ መዝግቦ ለኮሚቴው ያድርስ። አንዳንዶች አጨበጨቡ። ያኔ ከኋላ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሳይነሡ፣ «መዝገቡ ማን ዘንድ ያድራል?» አሉ።

ጎልማሳው አልገባውም። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ግን ሁሉም ገባቸው፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ፤ ዛሬ ቀበሌ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ስኳርና ሳሙና በራሽን ያከፋፈለው፣ ማይም ጎልማሳ ፊደል የቆጠረበት፣ የጋራ ሱቅ የከፈተው ያው ቀበሌ ነው። ማን ከማን ጋር እንዳመሸ የተጻፈውም እዚያው ነው። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ጊዜ ስንት ወጣት ከቤቱ የወጣው በጎረቤት ጥቆማ እንደሆነ የአዲስ አበባ እናቶች አይረሱትም። በኋላ ደግሞ አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት መጣ፤ «ይሄ አደረጃጀት ለልማት ነው ወይስ ለወሬ?» የሚለው ጥርጣሬም አብሮት መጣ። ከተማዋ ቀበሌን በወረዳ ከተካች ቆይታለች፤ እኛ ግን ዛሬም «የቀበሌ መታወቂያ» እንላለን። ስሙ ከአፋችን እንዳልወጣ ሁሉ ፍርሃቱም ከሆዳችን አልወጣም። ስለ ሰፈር ጸጥታ ተሰብሰቡ ሲባል ሰው የሚቀረው ግዴለሽ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ብዙው የሚቀረው ስሙ በማን መዝገብ ላይ እንደሚያድር ስለማያውቅ ነው።

ነገሩ ከቀበሌም ይቀድማል። በድሮው አገር ከብት ቢሰረቅ፣ ጎተራ ቢቃጠል፣ አጥፊው ካልታወቀ አፈርሳታ ይጠራ ነበር፤ አውጫጭኝ የሚሉትም አሉ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች እያስማሉ ያወጣጣሉ፤ ሌባው ካልወጣ ዕዳው በአገሬው ላይ ይወድቃል። በአፈርሳታ ግን ሌላም ነገር አለ፤ ወፍ። ያየውን በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው በምስጢር ለሽማግሌ ይነግራል፤ ማን ተናገረ ሲባል መልሱ «ወፍ» ነው። «ወፍ ነገረኝ» እያልን ዛሬ የምንቀልድበት ቃል አንድ ጊዜ ሰው ታስሮበታል።

እኔ በሙያዬ ለወፍ ክብር አለኝ፤ ጠቋሚ ባይኖር ብዙ ወንጀል ተቀብሮ ይቀር ነበር። ነገር ግን ወፍ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ የፍርድ መጨረሻ መሆን አይችልም። የተጠቆመ ሰው ጠቋሚውን ፊት ለፊት ሊጠይቀው፣ «በዚያ ሰዓት እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ» ብሎ ሊያስረዳ የሚችልበት መንገድ ከሌለ ነገሩ ጆሮ ጠቢነት ነው። ከአፈርሳታ የምወርሰው ሜዳውን ነው፤ ሁሉም መጥቶ፣ ሁሉም እያየ መነጋገሩን። ወፉን ለሜዳው ባናስገዛው የምንገነባው የሰፈር ጸጥታ እርስ በርስ የሚፈራራ ሰፈር ይሆናል።

ለእኚያ እናት ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ሁለት እሑድ ፈጀብን። በሁለተኛው እሑድ የቀጠናችን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያ፣ አንዲት ወጣት ሳጅን፣ መጣች። የምስጢር መዝገቡን ነገር ስትሰማ «ስም አልፈልግም» አለች። «ሰዓትና ቦታ ስጡኝ። ቆጣሪዎቹ የጠፉት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ደረጃ ሥር ነው?»

የሚመልስላት ጠፋ። ዘጠኝ ቆጣሪ ጠፍቶ አንዱንም በቀኑ የጻፈው አልነበረም። በሩ አጠገብ ቆማ የነበረች ሴት ግን እጇን አወጣች፤ ተከራይ ናት፣ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ ትገባለች። «ሁሌ የሚጠፋው ውኃ በማይኖርበት ፈረቃ ነው» አለች። «ውኃ ባለበት ሌሊት ቢነቅለው ውኃው ፈንድቶ ሰው ይቀሰቅሳላ።» እኛ አንድ ወር ሙሉ ስለ ተከራይና ስለ ቁራሌው ስንጨቃጨቅ፣ ነገሩን ያወቀችው ራሷ ስትጠረጠር የከረመች ተከራይ ናት።

እዚህ ላይ ሕጋችንም ክፍተት አለው። የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ ማኅበሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያደርገዋል። ድምፅ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ከንብረት አንጻር ልክ ነው። ከጸጥታ አንጻር ሲታይ ግን ድምፅ ያለው ባለቤት ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር ያድራል፤ እዚያ የሚያድረው፣ ኮቴ የሚሰማው፣ ጨለማውን የሚያውቀው ድምፅ የለውም። አዋጁን መቀየር ከእኛ አቅም በላይ ነው። ተከራይን ስብሰባ ጋብዞ ማናገር ግን ማንም አልከለከለንም። ድምፅ ለባለቤት፣ ንግግር ለሁሉም ብለን ቃለ ጉባኤ ያዝን።

ምስጢራዊው መዝገብ ቀረ። በምትኩ አንድ ባለ ጠንካራ ልባስ መዝገብ ገዝተን ጥበቃ ቤቷ ውስጥ በሲባጎ አንጠለጠልነው። የሰው ስም አይጻፍበትም፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የሆነው ነገር ብቻ ይጻፍበታል። መጻፍም ማንበብም ለሁሉም ክፍት ነው። ቆጣሪዎቹን በብረት ሳጥን አጥረን በየድናቸው። ውኃ በማይኖርበት ሌሊት ጥበቃው በየግማሽ ሰዓቱ ደረጃዎቹን ይዞራል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቆጣሪ ተነቅሎብናል፤ ሳጥኑን ሳንበይድ የተውነው ነበር።

ወደ ወረዳ የሄድነውም እንዲሁ በጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን «በአካባቢያችን የጸጥታ ስጋት ስላለ አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን» የሚል ነበር፤ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ጥፋቱን ሁሉ ቢሮው ላይ መጫን አልፈልግም። «አስፈላጊው ትብብር» የሚል ደብዳቤ ለማን ይመራል? ሁለተኛውን እኔ ጻፍኩት። ከግቢያችን እስከ ዋናው አስፋልት ካሉት ስድስት የመብራት ምሰሶዎች አራቱ እንደማይበሩ፣ የትኞቹ እንደሆኑ በንድፍ ስለን አያያዝን። ሁለት ኮፒ ይዘን ሄድን፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተን በሌላው ላይ ማህተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመታን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። በሁለት ወሩ ሦስቱ በሩ። አራተኛው እስካሁን ጨለማ ነው፤ ሦስተኛ ደብዳቤው ላይ ነኝ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በዝቅተኛው እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። እኔ እነዚህን አንቀጾች በቃሌ እያወቅሁ ስድስት ዓመት አንድ ስብሰባ አልረገጥኩም ነበር። ተሳትፎ ማለት አዳራሽ ሞልቶ ማጨብጨብ ይመስለኝ ነበርና ናቅሁት። ዛሬ ተሳትፎ ለእኔ ማህተም የተመታባት ያቺ ሁለተኛ ኮፒ ናት።

እድራችን ለዚህ አርአያ ነው። ያው ጎረቤት ለማኅበሩ ስብሰባ አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ሲመጣ ለእድር ቀብር ከመቶ በላይ ሆኖ ይቆማል። የእድር ቅጣት አስፈርቶት ብቻ አይደለም። በእድር ገንዘቡ ድንኳን ሆኖ፣ ወንበር ሆኖ፣ ሲኒ ሆኖ ይታየዋል፤ ጸሐፊው ስም ሲጠራ ሁሉም ይሰማል። እድር ማንንም በምስጢር አይመዘግብም።

በቅርቡ የግቢው በር ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እንዲዘጋ ወሰንን። ቃለ ጉባኤውን እንደ ልማዴ «ነዋሪዎች በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብዬ ጽፌ ጥበቃ ቤቷ በር ላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እኚያ እናት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወረቀቱ ፊት ቆመዋል።

«ይሄ እኔን ይጨምራል?» አሉኝ።

«ነበሩ እኮ፣ እማማ።»

«ነበርኩ፤ አልተስማማሁም። ለኪዳን በሌሊት የምወጣ ሴት ነኝ። ምጥ የያዛትስ ዘበኛ እስኪነቃ ትጠብቅ? እጄን አላወጣሁም፤ አላየህም እንጂ።»

እውነታቸውን ነው፤ አላየሁም። እስክሪብቶዬን አውጥቼ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ከላዩ «አንድ ነዋሪ ተቃውመዋል» ብዬ ምክንያታቸውን ጻፍኩ። «ይፈርሙበት» አልኳቸው። ስለ መዝገብ የጠየቁት እናት ስም መጻፍ ይወዱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ፤ ግድግዳው ላይ ተደግፈው በቀስታ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያጎሉ ፈረሙ።

በሩ አሁንም በአራት ሰዓት ይዘጋል። ቁልፉ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ በዘበኛው አንገት ላይ ያድራል።