የሕማማት ሐረግ

ቅጠሏ ክረምት ከበጋ የማይረግፈውን፣ ባገኘችው አጥርና በረንዳ ላይ እየተጠመጠመች የምትወጣውን ሐረግ ብዙ ሰው ፓሽን ፍሩት ይላታል፤ ጥንተ አገሯም ደቡብ ብራዚል፣ ፓራጓይና ሰሜን አርጀንቲና ነው።

ስሟን ግን እንዲሁ ለማለፍ አይቻለኝም፤ «ፓሽን» የሚለውን ሰምተው የፍትወት ፍሬ አድርገው የሚያወሩላት ሰዎች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛልና። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሕማም፣ ይኸውም በሰሙነ ሕማማት የምናስበው የጌታችን መከራ ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት የእስፓኝ ካህናት አበባዋን አይተው በመካከሏ የተከበበውን ጭረታም ቀለበት በአክሊለ ሦክ፣ አምስቱን ወንዴዎች በአምስቱ ቍስሎች፣ ሦስቱን የሴቴ ጫፎች በሦስት ችንካሮች፣ የምትጠመጠምባቸውን ክሮች በጅራፍ፣ ዐሥሩን የአበባ ቅጠሎች ደግሞ ጴጥሮስና ይሁዳ በጐደሉባቸው ሐዋርያት መስለው ተረጐሟት፤ የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስም በ1753 እ.ኤ.አ. ፓሲፍሎራ፣ ማለት የሕማማት አበባ፣ ብሎ በመዝገቡ አጸናው። እኛ ግን ቅንዋቱን ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ብለን አምስት አድርገን ስለምንቈጥር፣ አምስቱን ወንዴዎች ባየሁ ቍጥር አበባዋ ከምዕራባውያን ይልቅ ለእኛ አንድምታ የተመቸች ትመስለኛለች።

ከዓይነቶቿ ወይን ጠጅ መልክ ፍሬ የምታፈራው ደጋና ወይና ደጋ ይስማማታል፤ አበባዋም ንጋት ላይ ተከፍቶ ቀትር ሲሆን ይዘጋል። ብጫዋ ቈላ ትወዳለች፣ አበባዋን የምትከፍተውም በቀትር ነው። ይህችኛዪቱ በገዛ ራሷ ብናኝ አታፈራምና፣ ከሌላ ዘር የበቀለች ጎረቤትና ግንድ የምትበሳውን ትልቅ ጥቁር ንብ ትሻለች፤ አንዲቱን ብቻ ተክለው «መካን ናት» እያሉ የሚቈርጧት ሰዎች ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ይወቁት። ውሃ የሚተኛበት መሬት ሥሯን ያበሰብሰዋል፤ የምታፈራውም በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ፍሬዋ ካለቀ በኋላ መገረዝ ይገባታል።

አንዲት ጎረቤቴ እናት የተጨማደደውን ፍሬ ሁሉ እየለቀሙ ሲጥሉ አግኝቻቸው፣ «እትዬ፣ ጣፋጩን እኮ ነው የጣሉት» ብዬ አንዱን ቈርጬ አቀመስኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለስላሳውን ተጨማድዶ እስኪጣፍጥ ያቈዩታል። እናንተም ከሐረጓ ላይ አትቅጠፉ፤ የበሰለውን ራሷ ታወርደዋለችና፣ ጧት ጧት ከሥሯ ልቀሙ።