ታይሮይድ፦ ዕድሜና ጾታ የሚለዩት ዕጢ

በአገራችን «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው በችግር ላይ ችግር ሲደረብ ነው። እንቅርት ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የቢራቢሮ ቅርጽ ይዞ የተቀመጠው የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ነው። ዕጢው በአዋቂ ሰው ከ15 እስከ 20 ግራም ቢመዝን ነው። የፊዚክስ ሰዎች ስለ ዕጢ ምን አገባን የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ያገባን በአዮዲን በኩል ነው እንላለን።

ዕጢው ከደም አዮዲን እየለቀመ ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ይሠራል፤ በእያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል ውስጥ አራት የአዮዲን አቶሞች አሉ። ታዲያ ጤናማውን አዮዲን ከራዲዮአክቲቩ ለይቶ አያውቅም፤ በኬሚስትሪ ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸውና። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የቼርኖቢል የኑክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን የሆነው አዮዲን-131 በነፋስ ተበትኖ በሣር ላይ አረፈ። ሣሩን ላም ጋጠችው፤ ወተቱን ልጆች ጠጡት።

እዚህ ላይ ስሌቱ ቀላል፣ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። የጨረራ መጠን ማለት በአካል ውስጥ የቀረ ኢነርጂ ለክብደት ሲካፈል ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ዕጢ 2 ግራም ገደማ በመሆኑ፣ አዋቂውን የነካው ያው ኢነርጂ በሕፃኑ ላይ አሥር እጥፍ ያህል ይበረታል። በዚህም ላይ የሕፃን ሕዋሳት ገና በመባዛት ላይ ናቸው። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በተጎዱት የሩሲያ ክፍሎች፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ ልጆችና ወጣቶች ከነበሩት መካከል ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ተመዝግበዋል። ሁሉም በጨረራው ምክንያት የታመሙ አይደሉም፤ ቀላል የማይባለው ክፍል ግን የዚያ ወተት ዕዳ ነው። ፖላንድ በበኩሏ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ልጆች ጤናማ አዮዲን አድላ ነበር፤ የጠገበ ዕጢ ትርፉን አይቀበልምና።

የጾታው ልዩነት ሌላ መልክ አለው። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. የሰውነት መከላከያ የገዛ ዕጢውን የሚያጠቃበትን በሽታ ሲገልጽ፣ አራቱም ሕሙማኑ ሴቶች ነበሩ። ዛሬም የታይሮይድ መታወክ በሴቶች ላይ ከወንዶች ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ ይበዛል። ዕድሜ ሲገፋ የዕጢው መዳከም ይጨምራል፤ ድካሙንና ብርድ አለመቻሉን ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ደም ቢመረመር ግን ይታወቅ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበን ጽንሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የአንጎሉ ዕድገት በእናቱ ታይሮክሲን ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ሲበቃ፣ ነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋታል። በኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ አሥር ልጆች አራቱ ያህል እንቅርት ነበራቸው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጨው ክፍት ዕቃ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ፀሐይና እርጥበትም ከነካው አዮዲኑ ይሳሳል። የሚሻለው ክዳን ባለው ዕቃ ማኖርና ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር ነው።