የፊዚክስ መምህር ለመሆን የትኛውን ፕሮግራም እንምረጥ?



የፊዚክስ መምህር ለመሆን የሚሹ ወጣቶች ዘወትር የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ ግን «ፕሮግራሙ ለየትኛው ሥራ ያዘጋጀኛል?» ተብሎ ቢጠየቅ እመርጣለሁ። ምደባው በመንግሥት ቢከናወንም የምርጫውን ቅደም ተከተል የሚሞላው ተማሪው ራሱ ነውና፣ ጥያቄውን አስተካክሎ መያዝ ይበጃል።

አገራችን የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በሁለት ዓይነት መንገድ አሠልጥናለች። አንደኛው የትምህርት ዓይነቱንና የማስተማር ሥነ ዘዴን ከመጀመሪያው ጎን ለጎን የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ በፊዚክስ ዲግሪ አስይዞ የማስተማር ሥልጠናውን በኋላ የሚያስከትል ሲሆን፣ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተተከለው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ የዚህ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ለመምህርነት ለመብሰል ጊዜ ይሰጣል፤ ስጋቱ የፊዚክሱ ይዘት መሳሳቱ ነው። ሁለተኛው በይዘት ያደልባል፤ ስጋቱ ሙያው በአንድ ዓመት ውስጥ ተጨናንቆ መሰጠቱ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ስም ብቻውን አያስመርጥም።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳመለከተው፣ መምህር ይዘቱንና አጠቃላይ ሥነ ዘዴውን ለየብቻ ማወቁ አይበቃውም፤ ያ ይዘት ለተማሪ እንዴት እንደሚገለጥና የት ላይ እንደሚከብድ የሚያሳይ ሦስተኛ ዕውቀት ያስፈልገዋል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ገና እየወጣ ሳለ ምን ዓይነት ጉልበት ያርፍበታል? ብዙ ተማሪዎች «የእጁ ጉልበት አብሮት አለ» ይላሉ። የአየሩን ግጭት ካልቆጠርን ግን፣ ድንጋዩ ከእጅ ከተለየ በኋላ የሚያርፍበት የመሬት ስበት ብቻ ነው። ስሕተቱ ከስንፍና የመነጨ አይደለም። የዕለት ተዕለት አማርኛችን ጉልበት፣ ኃይልና አቅም የሚሉትን ቃላት እያፈራረቀ ይጠቀማል፤ ፊዚክስ ግን ፎርስን፣ ኢነርጂንና ፓወርን በጥብቅ ይለያል። በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ ሦስቱንም ወደ አንድ የአማርኛ ቃል መልሶ ሊረዳቸው ይችላል። በመልሱ ውስጥ ይህን የሚያዳምጥ መምህር የሚያርመው ሐሳቡን ነው፤ የማያዳምጠው ግን ቀመሩን ደግሞ ያስጠናል።

እንግዲህ ፕሮግራም ስትመርጡ፣ በዚያ የሚማሩትን ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝምና ዘመናዊ ፊዚክስ ከነሒሳባቸው በቂ ጊዜ ተሰጥቷቸዋልን? ሁለተኛ፣ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት ከሚሰጠው የሥነ ዘዴ ኮርስ ሌላ፣ የፊዚክስ ማስተማሪያ ዘዴን የሚያስተምር፣ ራሱም ፊዚክስን የተማረ መምህር አለን? ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤት የሚደረገው ልምምድ ስንት ሳምንት ይፈጃል? ክፍል ገብቶ የሚታዘብና የሚተች አሠልጣኝስ ይመደባልን? ቤተ ሙከራውንም በዓይናችሁ እዩ፤ ሙከራ ያልሠራ ሠልጣኝ ሙከራ ሊያሠራ ይቸገራልና።

በዓመት አምስት ክፍል፣ በየክፍሉም ሃምሳ ተማሪ የሚያስተምር ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ 7,500 ወጣቶችን ያገኛል። ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪምና መምህር የሚሆኑት ከእነዚሁ መካከል ናቸው። የምርጫ ቅጹን ስትሞሉ፣ እኛም ሥርዓተ ትምህርቱን ስንቀርጽ፣ ይህን ቁጥር እናስብ።